የሚንሿሿው ዓሣ

ሳጥኑ ባሕር ዳር የደረሰው በጥቅምት መጨረሻ ነበር። ቴክሳስ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላከልኝ። ለእናታችን የደም ግፊት መለኪያ በተቀመጠበት ሻንጣ ውስጥ፣ በወፍራም ካልሲ ተጠቅልሎ መጣ። ክፍል ክፍል ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ በየክፍሉ አውራ ጣት የምታህል፣ ቀለም የተቀባች ዓሣ ተኝታለች። አሥራ አንድ ነበሩ። እናቴ ሳጥኑን አንሥታ ስትነቀንቀው ድንገት ቆም አለች። «ይኼማ ጸናጽል ነው» አለች።

እናቴ ስለ ዓሣ ማጥመድ ምንም አታውቅም። ነገር ግን እኔ ብዙ ወራት ከፈጀሁ በኋላ የደረስሁበትን ነገር እሷ በአንድ ንቅናቄ ተናግራ ነበር። የዕቃው ዋና ነገር ድምፁ ነው። እኔ ግን በዚያ ምሽት ዓሦቹን በቀለማቸው ደረደርኋቸው፤ ቀዩን ከቀይ፣ ብርማውን ከብርማ፣ ወርቃማውን ለብቻ። ስሕተቴ ከዚያ ጀመረ።

የእነዚህ ማባበያዎች፣ ማለትም ዓሣን አታልለው መንጠቆ ላይ የሚያስይዙ ሰው ሠራሽ ዓሦች፣ ስማቸው ክራንክቤይት ነው። የተለመደው ክራንክቤይት ከአገጩ ሥር እንደ ማንኪያ ወጣ ያለች የፕላስቲክ ከንፈር አለችው፤ ክሩ ሲጎተት ያች ከንፈር ውኃውን እየቀዘፈች ወደ ታች ታስገባዋለች። ወንድሜ የላከልኝ ከንፈር አልባ የሚባለውን ዓይነት ነው። ይህኛው የሚሰምጠው በገዛ ክብደቱ ነው፤ ክሩም የሚታሰረው ከአፍንጫው ላይ ሳይሆን ከጀርባው፣ ከራሱ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ሲጎተት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ውኃው ጠፍጣፋ ግንባሩን ሲገፋው በአንድ ጎኑ መርጋት ያቅተዋል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጣም በፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ሆዱ ባዶ ነው፤ በውስጡ እንደ እንክብል ድብልብል ያሉ የብረት ጥይቶች አሉ። ሲንቀጠቀጥ ጥይቶቹ ግድግዳውን ይመታሉ። እናቴ የሰማችው እሱን ነው።

አሜሪካውያን ይህን ዕቃ የሚወዱት ባስ የተባለውን ዓሣ ስለሚያጠምዱበት ነው። ትልቅ አፍ ያለው ባስ የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ሣር ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ፣ ሲከፍተው እንደ ጆንያ የሚሰፋ አፍ ያለው አዳኝ። ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 በጆርጂያ ግዛት የያዘው ባስ 10 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ በ2009 ጃፓን ውስጥ በቢዋ ሐይቅ የተያዘ ሌላ ባስ እኩል ሆነ እንጂ በግልጽ የበለጠው የለም። ከንፈር አልባው ማባበያ ስሙ የገነነው ደግሞ ቢል ሉዊስ የተባለ ሰው በ1960ዎቹ ራት-ል-ትራፕ ብሎ ከሠራው በኋላ ነው። ዛሬም ብዙ አሜሪካዊ አጥማጅ የሌላ ፋብሪካ ሥራ እንኳ ቢሆን ከንፈር አልባውን ሁሉ «ትራፕ» እያለ ይጠራዋል።

ወንድሜ በስልክ የነገረኝ ስለ ሳም ሬይበርን ነው፤ ምሥራቅ ቴክሳስ ውስጥ ያለ በግድብ የተፈጠረ ትልቅ ሐይቅ። በየካቲትና በመጋቢት፣ ውኃው ከክረምቱ ብርድ ወጥቶ 10 እና 15 ዲግሪ መካከል ሲደርስ፣ ባሱ እንቁላል ለመጣል ከጥልቁ ወደ ዳር መውጣት ይጀምራል። ከውኃ በታች የበቀለ ሣር አለ። ማባበያውን አርቀህ ትወረውራለህ፤ የሣሩን አናት እስኪነካ ትጎትታለህ፤ ሣሩ ሲይዘው ዘንግህን በኃይል ትመነጭቃለህ። ከሣሩ ተገንጥሎ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ነው ባሱ የሚመታው። ቀለሙ ቀይ ይሁን ይላሉ፤ ምክንያቱም በዚያ ወቅት ባሱ ክሬይፊሽ የሚባለውን፣ ሁለት መቀስ ያለውንና በቅርፊት የተሸፈነውን የውኃ እንስሳ ይበላል።

ወንድሜ ይህን ሲተርክ ድምፁ ይለወጣል። ከአገሩ ርቆ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው፣ ቅዳሜ ጠዋት ልቡ የሚያርፍበት ቦታ ሲያገኝ እንዴት እንደሚናገር ከዚህ በፊት አልሰማሁም ነበር። ስለዚህ ያለኝን ሁሉ እንደ ኑዛዜ ተቀበልሁት። ኅዳርን ሙሉ ቀዩን ወረወርሁ።

የምወረውርበት ቦታ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው ዳርቻ ላይ ነው፤ ደንገሉ ሳስቶ ውኃው የሚታይበት ቦታ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ከታች ያለው ደለል ይነሣና ውኃው ሻይ በወተት ይመስላል። በዚያ ውኃ ውስጥ ቀይ ዓሣ ወርውሮ ከክንድ ርቀት በላይ እንዲታይ መመኘት ከንቱ ነው። ደግሞስ ቀዩ ምንን ይመስላል? ክሬይፊሽ በአፍሪካ ዋና ምድር ተወላጅ አይደለም። የጣና ዓሣ አይቶት የማያውቀውን ምግብ እያሳየሁት ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ አዛውንት ታንኳቸውን ወደ ዳር አስጠግተው ሲያዩኝ ቆዩ። መረባቸውን አንሥተው እየተመለሱ ነበር፤ በታንኳው ሆድ አሥር ያህል ቀረሶና አንድ አምባዛ ተጋድመዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ማባበያውን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ከጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት።

«ይኼ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉኝ።

«ዓሣው እንዲሰማው ነው፣ አባቴ።»

«መስማቱንማ ይሰማል» አሉ። «እኛ ዓሣ ወደ መረብ ለመንዳት ስንፈልግ ውኃውን በመቅዘፊያ እንመታለን። ሰምቶ ይሸሻል፤ ሸሽቶ ይገባል። አንተ ደግሞ መትተህ ልትጠራው ትፈልጋለህ።» ማባበያውን መለሱልኝ። «ሊሰማ የሚገባውን አልመረጥህለትም፣ ልጄ።»

ታንኳቸውን ገፍተው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሙያዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር፣ በውኃ ውስጥ ደግሞ 1,480 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ እጽፋለሁ። ይህን የሚያህል ነገር እያስተማርሁ ማባበያዬን በቀለም መደርደሬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ያን ሳምንት ስለ ዓሣ ጆሮ ማንበብ ጀመርሁ፤ ያገኘሁትም ነገር ሳጥኑን እንደገና እንድደረድር አደረገኝ።

የጣና ነጭ ዓሣ የምንለው ባርቡስ ከካርፕ ወገን ነው። የዚህ ወገን ዓሦች፣ እንዲሁም አምባዛ፣ የአየር ከረጢታቸውን ከውስጥ ጆሯቸው ጋር የሚያያይዙ ጥቃቅን አጥንቶች አሏቸው። ኤርንስት ቬበር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጻፈላቸው በስሙ ይጠራሉ። ድምፅ ሲመጣ በአየር የተሞላው ከረጢት እንደ ከበሮ ይርገበገባል፤ አጥንቶቹ ያንን መርገብገብ ተቀብለው ወደ ጆሮ ያደርሱታል። ባስ እነዚህ አጥንቶች የሉትም። ቀረሶም የለውም። እንግዲህ ለባስ ጆሮ ተብሎ የተሠራ ጸናጽል፣ ከባስ እጅግ የተሻለ ጆሮ ባለው ዓሣ መካከል እያንሿሿሁ ነበር። በወንድሜ ሐይቅ ውስጥ ጥሪ የሆነው ነገር በእኔ ሐይቅ ውስጥ የመቅዘፊያ ምት ሆኖ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ስለ ነጭ ዓሣ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ሰው ቀረሶን በምጣድና በጉላሽ ስለሚያውቀው ነጭ ዓሣን የሚዘነጋው ይመስለኛል። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ ስለሆነ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ከፏፏቴው በላይ የቀሩት ባርቡሶች ለብቻቸው ኖረው በአንድ ሐይቅ ውስጥ ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ዝርያዎች ሆነዋል፤ አንዱ ከደለል የሚለቅም፣ አንዱ ቀንድ አውጣ የሚሰብር፣ አንዱ የእህል ቅንጣት የማያክሉ ነፍሳትን የሚያጠልል። ከአሥራ አምስቱ ስምንቱ ዓሣ በል አዳኞች ናቸው። ይህ የሚያስደንቀው የካርፕ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ ስለሌለው ነው፤ ጥርሱ ያለው ከጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርስ በሌለው አፍ አሳድዶ መያዝን ተማረ። ዓለም ላይ ሌላ ቦታ ይህን የሚመስል አይገኝም ሲባል ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ደረቱ መሙላት አለበት።

እነዚህ አዳኞች የሚበሉት አብዛኛውን ጊዜ ከጣት የማይረዝሙ፣ ብርማ ትንንሽ ዓሦችን ነው። ስለዚህ ለቀለም ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ ውኃው ሲጠራ ብርማ፣ ሲደፈርስ ወርቃማ። ቀዮቹን መጠቀም ትቻለሁ። ስለ ቀለም ከዚህ በላይ የሚጨነቅ ሰው ጊዜውን የሚሰጠው ለሻጩ ነው።

ድምፁ ግን ብዙ ማሰብ ይፈልጋል። አሥራ አንዱን ዓሦች አንድ በአንድ ጆሮዬ ላይ ነቅንቄ በሦስት ከፈልኋቸው። ስድስቱ ብዙ ጥቃቅን ጥይቶች ያሉባቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ቀጭንና ብዙ ነው፤ የእናቴ ጸናጽል እነሱ ናቸው። ሦስቱ አንድ ትልቅ ጥይት ብቻ ያላቸው ናቸው፤ ሲንቀሳቀሱ «ዷ፣ ዷ» ይላሉ፤ እነዚህን ከበሮ አልኋቸው። ሁለቱ ደግሞ ምንም ጥይት የላቸውም፤ ዝም ያሉ ናቸው። ወንድሜ እነዚያን ሁለቱን የጨመራቸው ሳጥኑ እንዲሞላ ብሎ ነበር።

ዝም ያለው ማባበያ ዝም ቢልም ይንቀጠቀጣል። ዓሣ ከጆሮው ሌላ በጎኑ ላይ ከጉንጩ እስከ ጅራቱ የተዘረጋ የስሜት መሥመር አለው፤ የቅርብ ውኃ ሲገፋና ሲሳብ በዚያ ያውቃል። ስለዚህ ጥይት አልባው ማባበያ የሚናገረው ለቅርብ ብቻ ነው፤ ሩቅ ያለውን አያስደነግጥም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ነፋሱ በረድ ብሎ ውኃው ትንሽ ሲጠራ፣ ጠዋት ከዳር የምወረውረው እሱን ነው። የመጀመሪያውን ነጭ ዓሣ የያዝሁትም በጥር ወር በእሱ ነው። ዘንጌ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አለና ክሩ ወደ ጥልቁ ሄደ፤ እንደ ባስ ከውኃ ወጥቶ አልዘለለም፤ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እንደሚያውቀው ቤት ወደ ታች ገባ። ክንዴን ያህል ነበር። ከውኃው ሳላወጣ መንጠቆውን ነቅዬ ለቀቅሁት፤ ጅራቱን መትቶ ሲሄድ የረጨኝ ውኃ ፊቴ ላይ እስኪደርቅ አልጠረግሁትም።

ከበሮው የሚሠራው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ውኃው ሲደፈርስ ነው። ማዕበሉ ራሱ ስለሚጮህ ጥሪው ከዚያ በላይ መሰማት አለበት፤ ወፍራም ነጠላ ምት ደግሞ ከማዕበሉ ጩኸት ተለይቶ ይታወቃል። ጸናጽሎቹን በብዛት አልጠቀምባቸውም። አምባዛ ግን አንድ ምሽት አንዱን ጸናጽል ወስዶብኛል፤ ክሩን እስኪበጥስ ድረስ ለማየት እንኳ አልቻልሁም። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው የአንድ በጋ ትዝብት ነው። ለሌላ ሰው ውኃ ሕግ አድርጌ አላቀርበውም፤ ሌላውም ሰው ቆሞ እንዲያዳምጥ ግን አጥብቄ እለምናለሁ።

ክብደትን በተመለከተ፣ ሳጥኑ ውስጥ የ7፣ የ14 እና የ21 ግራም አሉ። እንደ ጣና ባለ ጥልቀት በሌለው ዳር 21 ግራሙ ወዲያው ደለል ውስጥ ይቀበራል፤ 7 ግራሙ በነፋስ ላይ አይሄድም። የቀረው 14 ግራሙ ነው። በሰከንድ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ብሎ ወንድሜ ነግሮኝ ነበር፤ ልክ ነው። ወርውሬ አምስት እቆጥራለሁ፤ ከዚያ እጎትታለሁ። በሚቀጥለው ስድስት። ታችውን ሲነካ በአንድ ቀንሼ እቆጥራለሁ። ይህ ከንፈር አልባው ለአጥማጁ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ነው፤ ከንፈር ያለው የሚሄድበት ጥልቀት ፋብሪካ ውስጥ ተወስኖ ነው የሚመጣው፤ ይህንኛውን ግን በቁጥርህ የፈለግህበት ታኖረዋለህ።

ጉድለቱ ድንጋይ ነው። ከንፈር ያለው ክራንክቤይት ድንጋይ ሲያጋጥመው ከንፈሩ ቀድሞ ይነካና መንጠቆውን አሻግሮ ያሳልፈዋል። ከንፈር አልባው ምንም ጋሻ የለውም፤ በግንባሩ ይገባል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፤ እዚያ በአንድ ሳምንት ሦስት ቀበርሁ። ሦስት ማባበያ ማለት ስድስት ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ማለት ነው፤ አሥራ ስምንት ጫፍ፣ ልጆች በሚዋኙበትና ሰዎች መረብ በሚጎትቱበት ውኃ ውስጥ። ያን ያሰብሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላ እዚያ አልወረወርሁም፤ ጉማሬም የሚወጣበት ቦታ ስለሆነ ባልሄድሁበት ይሻል ነበር። ባለ ሦስት ጫፎቹንም በሙሉ አውጥቼ በነጠላ መንጠቆ ተካኋቸው። ለነጭ ዓሣ ወፍራም ከንፈር ነጠላው ይበቃል፤ ሲለቀቅም ቁስሉ አንድ ነው።

ዘንግን በተመለከተ ደረቅ ዘንግ አይሁን። ማባበያው ከባድ ስለሆነ ዓሣው ራሱን ሲያወናጭፍ እንደ መዶሻ ይወዛወዝና መንጠቆውን ይነቅላል፤ ሲጫኑት ጎበጥ የሚል ዘንግ ያንን ይውጠዋል።

ሰኔ ሲገባ ሳጥኑን እዘጋዋለሁ። ይህን የምለው ሳላመነታ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ በምሥራቅ ወደ ጉማራና ወደ ርብ፣ በእኛ በጎጃም በኩል ደግሞ ግልገል ዓባይ አለ፤ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ጸበል ሥር ተነሥቶ የሚመጣው። ከወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ውኃው እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያወጣው የመጪውን ዓመት ዓሣ ነው። ወንዝ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ የሚበትን ደግሞ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ያሰክራል። የሐይቁ ባርቡሶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በብርቱ እንደ ወደቀ ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚደረገው ማስገርም ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። እኔ በነጠላ መንጠቆ የምይዘው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው ሊባል ይችላል። ቢሆንም ከሰኔ እስከ ጥቅምት አልወረውርም፤ ነፍሰ ጡር በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ በሩ ላይ ወጥመድ አይጠመድም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳጥኑን አይቶ፣ «ባሱን ራሱን አምጥተን ጣና ውስጥ ብንለቀውስ?» ብሎኝ ነበር። በቅን ልብ ነው የተናገረው፤ ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ ባስ እንዳለበት ሰምቷል። የመለስሁለት ግን በቁጣ ነበር፤ አሁንም ቁጣዬ አልበረደም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ የናይል ፐርች የተባለው አዳኝ ዓሣ ከተለቀቀ በኋላ የጠፉት የሐይቁ ተወላጅ ዓሦች ብዙ ናቸው፤ ተመልሰው አይመጡም። ጢስ ዓባይ ዘመናትን የጠበቀውን በር ሰው በባልዲ ይዞ እንዲያልፈው አልፈልግም። ባስ በአገሩ ይኑር፤ ማባበያው ይበቃናል።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ወንድሜ ደወለ። እሱ ዘንድ ቀትር ነው፤ የማጥመጃ ዕቃ መደብር ውስጥ ቆሟል። ለጥምቀት ሊመጣ ነው፤ ምን ላምጣልህ አለኝ። ቀለም እየመረጠ ሊነግረኝ ጀመረ፤ ይህኛው ጀርባው አረንጓዴ፣ ያኛው ሆዱ ብርቱካን።

«ወንድም ጋሼ» አልሁት፣ «ስልኩን አስጠጋና ነቅንቀው።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ቀጭን፣ ብዙ፣ እንደ ጸናጽል።

«እሱ ይቅር። ቀጥሎ ያለውን።»

ሌላ አነሣ። እናቴ ከወዲያ ማዶ ተቀምጣ እያዳመጠች ነበር፤ ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀች።

«እሱም ይቅር።»

አራተኛው ላይ ከስልኩ ምንም አልተሰማም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ «አለህ?» አልሁት።

«እየነቀነቅሁት ነው» አለኝ።

«ከእሱ ሁለት አምጣልኝ።»